ለውጭ አገር ሰው በምህጻረ ቃል ሲጻፍ
በባሕር ዳር በአስጎብኚነትና በሆቴል ሥራ የተሰማሩ ወገኖች ከልዩ ልዩ አገር እንግዶች ጋር በኢሜይልና በዋትስአፕ ይጻጻፋሉ። በእኔ እይታ ከሁሉ በላይ የሚያሳስቱት የሰዓትና የቀን ምህጻረ ቃላት ናቸው።

«ወደ ዘጌ የሚሄደው ጀልባ 2:00 ኤኤም ይነሳል» ብሎ የጻፈ አስጎብኚ ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለቱ ቢሆንም፣ እንግዳው የሚረዳው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው፤ ኤኤም ከእኩለ ሌሊት፣ ፒኤም ደግሞ ከእኩለ ቀን ስለሚቆጠር የእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት በእነርሱ አቆጣጠር 8:00 ኤኤም ይሆናል። የሰዓት ቀጠና ምህጻረ ቃላትም እንዲሁ አሻሚዎች ናቸው፦ ሲኤስቲ ለመካከለኛው የአሜሪካ ክፍልም ለቻይናም፣ አይኤስቲ ለሕንድም ለእስራኤልም ያገለግላል። ስለዚህ «8:00 ኤኤም፣ በባሕር ዳር ሰዓት፣ ዩቲሲ+3» ብሎ መጻፍ እጅግ ይሻላል፤ ዩቲሲ+3 ማለት ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት (ዩቲሲ) በሦስት ሰዓት የሚቀድም ማለት ነው።

ቀንን በተመለከተ 03/04 ለአሜሪካዊ ማርች 4፣ ለእንግሊዛዊ ኤፕሪል 3 ስለሆነ፣ የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ጥርጣሬውን ያስቀራል። የዘመን አቆጣጠራችን ከጎርጎርዮሳዊው በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደ ኋላ መሆኑን የማያውቅ እንግዳ «ኢ.ሲ.» (የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር) የሚለውን ሊረዳው ስለማይችል፣ ለእርሱ በጎርጎርዮሳዊው ብቻ መጻፍ ተገቢ ነው። ኢቲቢ የሚለው የብር መለያ ግን በዓለም አቀፍ ደረጃ የጸደቀ በመሆኑ፣ ዋጋ ሲገለጽ ሳይፈታ ቢጻፍ ችግር የለውም።