የሞሪሺየስን ሰው «ናማስቴ» ለምትሉ

አስተርጓሚ ነኝ። አዲስ አበባ ላይ አህጉራዊ ስብሰባ ሲኖር በሻይ ዕረፍት አንድ ሰው አይጠፋም፤ የህንድ ዘር ያለው የሞሪሺየስ (በህንድ ውቅያኖስ ያለች አፍሪካዊት ደሴት) ልዑክ ጋ ጠጋ ይልና «ከህንድ ከየት ነህ?» ይላል። አገሩ ደረቱ ላይ ባጁ ላይ ተጽፏል እኮ!

«ህንድ ናቸው፣ ሂንዲ ያወራሉ።» እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አንድ ባልደረባዬ በልጅነቱ ከህንድ ፊልም የለቃቀማትን ሂንዲ አንዲት ልዑክ ላይ ሞከራት። ሴትዮዋ በትሕትና በፈረንሳይኛ ይቅርታ ጠየቀችው። እኔ «ኪ ማኒየር?» ስላት ግን ሳቋ መጣ። በክሪዮል «እንዴት ነሽ?» ማለት ነው። ክሪዮል በፈረንሳይ ዘመን በባርነት የመጡ አፍሪካውያን ከጌቶቻቸው ቋንቋ የፈጠሩት ነው። ዛሬ የህንድ ዘሩም የአፍሪካ ዘሩም ገበያ ላይ የሚከራከረው በእሱ ነው። የአያቶችስ ቋንቋ? የብዙዎቹ በሰሜን ህንድ የቢሀር አካባቢው ቦጅፑሪ ነበር። የደቡብ ህንዶቹን ታሚልና ቴሉጉ ተናጋሪ የነበሩም አሉ። ስለዚህ ሂንዲያችሁን ለፊልሙ አቆዩት።

«ሁሉም ሂንዱ ናቸው።» አይደሉም። ሙስሊምም ክርስቲያንም አለባቸው።

«ለንግድ የመጡ ናቸው።» ከምዕራብ ህንድ ከጉጅራት የመጡ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ጥቂቶች። እንግሊዞች በ1835 እኤአ ደሴቲቱ ላይ ባርነትን ሲያስቀሩ የሸንኮራ አገዳ እርሻው ሰው ፈለገ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከ1834 ጀምሮ፣ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ህንዳውያን በኮንትራት ፖርት ሉዊስ ወደብ ወረዱ። የተመዘገቡበት አፕራቫሲ ጋት በ2006 እኤአ የዓለም ቅርስ ሆኗል። የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ራምጉላምም የኮንትራት ሠራተኛ ልጅ ናቸው።

«እዚያ እንግዳ ናቸው።» ከሕዝቡ ሁለት ሦስተኛው ገደማ የህንድ ዘር ነው። እንግዳው ማን ይሁን?

ስም ላይ ደግሞ አደራ። የብዙ ቤተሰብ ስም እንደኛው የአባት ወይም የአያት ስም ነው፤ ልዩነቱ እዚያው ደርቆ ለልጅ ልጅ መተላለፉ ነው። መጤዎቹን የሚመዘግበው ጸሐፊ ጆሮው እንደሰማ ጻፈው፣ ጃጋናት «ጃግኖት» ሆነ፣ አለቀ። አንድ ጊዜ ምዝገባ ላይ ያለ ልጅ «ተሳስቷል» ብሎ የአንዱን ስም በህንዱ አጻጻፍ አርሞ ባጅ አተመለት። ሰውየው ፓስፖርቱን ይዞ እንደገና ተሰለፈ፤ የጠዋቱ ንግግርም አመለጠው። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ፊደል በፊደል ገልብጡ፤ እርማት አትጨምሩ።