በላዔ ሰብእ፦ የሰው በላው ታሪክ በጎንደር

በላዔ ሰብእ በግእዝ «ሰው በላ» ማለት ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት 78 ነፍስ በልቶ በአንድ ጥርኝ ውሃ ምክንያት ምሕረት ያገኘው ሰው መጠሪያ ነው። ታሪኩ በተአምረ ማርያም ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ይበልጥ የሚነገረው የካቲት 16 ቀን በሚከበረው የኪዳነ ምሕረት በዓል ነው። ሰው የሰውን ሥጋ ስለ መብላቱ በሌላው ዓለም ብዙ ተጽፏል፤ በጎንደር ግን ነገሩ ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰበው ይህ ሰው ነው፤ የሚታሰበውም ስለ በላው ሳይሆን ስለ ሰጠው ነው።

በተአምሩ ንባብና በመምህራን ትረካ መሠረት በላዔ ሰብእ ቅምር በተባለ አገር ይኖር ነበር። ስሙ ስምዖን እንደነበረ፣ እንደ አብርሃም እንግዳ ተቀባይ እንደነበረና ሰይጣን በሥላሴ አምሳል በእንግድነት መጥቶ ልጁን እንዲያርድ እንዳደረገው የሚተርኩ አሉ። ከዚያ ወዲህ ሚስቱን፣ ቤተ ሰቡንና አገልጋዮቹን ጨርሶ፣ የውሃ ቅሉን ይዞ የሚበላ ሰው ፍለጋ ከአገሩ ወጣ። በመንገድ ላይ ገላውን ቁስል የወረሰው፣ በውሃ ጥም የተያዘ ድሃ አገኘ። ድሃው ስለ እግዚአብሔር ብሎ ለመነው፤ አልሰጠውም። ስለ ጻድቃን፣ ስለ ሰማዕታት ብሎ ለመነው፤ አሁንም አልሰጠውም። ስለ ማርያም ባለው ጊዜ ግን ልቡ ራርቶ፣ ጉሮሮ በቅጡ የማታርስ ጥርኝ ውሃ ሰጠው። በሞተ ጊዜ የጨለማ መላእክት ነፍሱን ሊወስዱ ሲመጡ እመቤታችን ማለደች፤ 78ቱ ነፍሳትና ያቺ ጥርኝ ውሃ በሚዛን ተቀመጡ፤ ነፍሳቱ ከበዱ፤ የእመቤታችን ጥላ በውሃው ላይ ባረፈ ጊዜ ግን ውሃው መዘነ።

በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ውስጥ ሰው በላ እርሱ ብቻ አይደለም። ስንክሳር መጋቢት 8 ቀን የሚያስበው ሐዋርያው ማትያስ የሰበከው ሰው በሚበሉ ሰዎች አገር ሲሆን፣ እነርሱም በእጃቸው የወደቀውን እንግዳ አስረው 30 ቀን ሣር ካበሉት በኋላ ይበሉት እንደነበር ተጽፏል። በቅዱስ መርቆሬዎስ ታሪክም ሰው በል የነበሩ ገጸ ከልባት፣ ማለትም የውሻ ፊት ያላቸው ፍጡራን፣ ወደ እምነት ተመልሰዋል። በመጽሐፈ ነገሥት የሰማርያ እናቶች በከበባ ጊዜ ልጅ እስከ መብላት መድረሳቸው፣ በሰቆቃወ ኤርምያስም ርኅሩኆች ሴቶች ልጆቻቸውን መቀቀላቸው ተነግሯል። በእነዚህ ንባቦች ሰው መብላት የአረማዊነት ወይም የረሃብ መጨረሻ ምልክት ነው። በላዔ ሰብእ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ አልተራበም፣ አረማዊም አልነበረም።

ተአምረ ማርያም ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው በዐፄ ዳዊት ዘመን፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ15ኛው መባቻ አካባቢ ሲሆን፣ መጽሐፉ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ያጸናው ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ነው።

ታሪኩ ከመጽሐፍ ወጥቶ ለዓይን የበቃበት ታላቁ ዘመን ግን ያለ ጥርጥር የጎንደር ዘመን ነው። ዐፄ ፋሲለደስ (1632–1667 እ.ኤ.አ.) መናገሻውን በጎንደር ከቆረቆረ በኋላ፣ ከተማዋ የጸሐፊዎችና የሠዓሊዎች መሰብሰቢያ ሆነች፤ ነገሥታቱና መኳንንቱም በሥዕል ያጌጠ ተአምረ ማርያም ማስጻፍን ከክብር ሥራ ይቈጥሩት ነበር። የሥዕል ታሪክ ሊቃውንት የዘመኑን ሥራ «የመጀመሪያው» እና «ሁለተኛው የጎንደር ስልት» ብለው ይከፍሉታል። የመጀመሪያው በደማቅና ጥላ በሌለው ቀለም፣ በጥርት ባለ መስመር ይታወቃል። በእቴጌ ምንትዋብና በልጃቸው በዐፄ ኢያሱ ዳግማዊ (1730–1755 እ.ኤ.አ.) ዘመን የተስፋፋው ሁለተኛው ስልት ደግሞ ፊትን በጥላ ያለሰልሳል፣ የባለጸጋ ልብስን አበባና ጥልፍ ሳይቀር ያሳያል፣ ኋለኛውን ገጽታ ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ቀስ በቀስ ያሸጋግራል። እቴጌይቱ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ከከተማዋ በላይ፣ ናርጋ ሥላሴንም በጣና ደሴት አሠርተዋል፤ በናርጋ ሥዕል ራሳቸው በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው መታየታቸው፣ የዘመኑ ሰው ከአማላጅነት ጋር ስለነበረው ቁርኝት ከብዙ ድርሳን በላይ ይናገራል።

በዚህ ወግ ውስጥ የበላዔ ሰብእ ሥዕል የራሱ አሣሣል አለው። አብዛኛውን ጊዜ ታሪኩ በተከታታይ ትዕይንት ይቀርባል፦ የሰው እጅ ወይም እግር ይዞ ሲበላ፣ ከቅሉ በድሃው መዳፍ ላይ ውሃ ሲያንጠባጥብ፣ በመጨረሻም ሚዛኑ፣ መላእክቱ፣ አጋንንቱና እመቤታችን። ማንበብ ለማይችለው ምእመን ሥዕሉ መጽሐፉ ነበር። በጎንደር የተጻፉ ብዙ ብራናዎች ዛሬ በአገራቸው የሉም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1866 እ.ኤ.አ. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ንብረት ወደ መቅደላ አጋዙ፤ የእንግሊዝ ጦርም በ1868 እ.ኤ.አ. መቅደላን ሲይዝ 350 ያህል ብራናዎች ወደ ለንደን ተወሰዱ፤ ከእነርሱም መካከል ሥዕላዊ የተአምረ ማርያም ቅጂዎች ይገኛሉ። «ተወሰዱ» የሚለው ቃል ለጎንደር ሰው እጅግ የለዘበ ነው።

ታሪኩ በከተማዋ ኑሮ የሚታየው በበዓል ቀን ብቻ አይደለም። ለአቋቋም፣ ለቅኔና ለመጻሕፍት ትርጓሜ ከየአገሩ ወደ ጎንደር የሚመጣው የቆሎ ተማሪ፣ ለምዱን ደርቦ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ «ስለ ስሟ፣ ስለ ማርያም» ማለት ነው። ቁስለኛው ድሃ በላዔ ሰብእን ያሸነፈበት ልመና ይኸው ነው። ስለዚህ ቁራሽ የምታወጣ እናት ተማሪውን ስትመግብ፣ ሳታስበውም ቢሆን፣ በዚያ ታሪክ ውስጥ ትቆማለች።

ጥርኝ ውሃ 78 ነፍስ ሊመዝን ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ ግን ዛሬም ሕያው ነው። የፕሮቴስታንት ሰባኪዎችና የተሐድሶ አሳብ ያላቸው ወገኖች፣ ታሪኩ ንስሐን ያቀላል፣ የተበሉትንም ይረሳል ይላሉ። የቤተ ክርስቲያን መምህራን በበኩላቸው «ቀዝቃዛ ጽዋ ውሃ ብቻ እንኳ ያጠጣ ዋጋው አይጠፋበትም» የሚለውን የማቴዎስ ወንጌል ቃል ያነሣሉ፤ በአንዳንድ ትረካም ሰውየው ከዚያ በኋላ በኃጢአቱ አልቅሶ መሞቱ ይነገራል። መከራከሪያው ጠንካራ ነው፤ ሆኖም የ78ቱን ሰዎች ዕጣ በተመለከተ የሚሰጠው መልስ ከመምህር መምህር ይለያያል።

ሰው መብላት በትውፊት ብቻ አልቀረም፤ «ደስታ» በተባለው የከብት በሽታ ከብት ባለቀበት፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው ክፉ ቀን፣ ረሃብ ያበዳቸው ሰዎች የሰው ሥጋ እስከ መብላት መድረሳቸው በዘመኑ ተዘግቧል። ጎንደርም በዚያው መጀመሪያ፣ በ1880 ዓ.ም.፣ በደርቡሽ ጦር ተቃጥላ ነበር።

በአማርኛ «በላ» ከአፍ ያለፈ ግስ ነው፤ ወንዝ ሰው ይበላል፣ ሹም ጉቦ ይበላል፣ መሬት የሞተውን ይበላል። «ሰው በላ» የሚለው ስድብም ለጨካኝ ገዢ ይነገራል፤ ስለ ደርግ ዘመን ሲወራ አዘውትሮ ይሰማል። ይበልጥ የከፋው አገልግሎቱ ግን በቡዳ እምነት የታየው ነው። በጎንደር ዙሪያ በሸክላና በብረት ሥራ ይኖሩ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያን፣ ሌሊት ጅብ ሆነው ሰው ይበላሉ፣ በዓይናቸውም ያጠፋሉ ተብለው ለዘመናት ተጠርጥረዋል። ማረሻውን ከባለ እጁ የሚገዛ ገበሬ፣ ልጁ ሲታመም «ቡዳ በላው» ይል ነበር። ሰባ ስምንት ሰው የበላውን የማረ ሕዝብ፣ አንድም ያልበላ ጎረቤቱን ሰው በላ ማለቱ በትውፊቱ ላይ ከሚነሡት ጥያቄዎች ሁሉ የሚከብደው ይመስላል። ቤተ እስራኤላውያኑ በ1980ዎቹና በ1991 እ.ኤ.አ. በብዛት ወደ እስራኤል ሄደዋል። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በወለቃ፣ ሸክላው አሁንም ለመንገደኛ ይሸጣል።