«የድብ ውለታ»፦ ስዊድኖች ምን ማለታቸው ነው?

አንድ ስዊድናዊ «የድብ ውለታ ዋልክልኝ» ካለህ ምንም አይደል ብለህ እንዳትመልስ። እረዳሃለሁ ብለህ ገደል ከተትከኝ ማለቱ ነው። ቅንድብ አሳምራለሁ ብሎ ዓይን ማጥፋት በለው።

በስዊድንኛ አባባሉ አንድ ቃል ነው፤ «ቢዮርንሼንስት»። «ቢዮርን» ድብ፣ «ሼንስት» አገልግሎት ወይም ውለታ። መነሻው ፈረንሳዊው ዣን ደ ላ ፎንቴን በ17ኛው መቶ ዘመን በግጥም የጻፈው ተረት ነው። ብቸኛ ድብና አትክልት የሚወድ ሽማግሌ ይወዳጃሉ። ሽማግሌው ሲተኛ ድቡ ዝንብ ይከላከልለታል። አንዷ ዝንብ ታዲያ አፍንጫው ላይ ተቀምጣ አልነሳም አለች። ድቡ በገነ። ትልቅ ድንጋይ አንስቶ ወረወረ። ዝንቧ ሞተች፤ የሰውየውም ጭንቅላት ተፈረከሰ።

የሚገርመው ዛሬ ብዙ ወጣት ስዊድናውያን ቃሉን «ትልቅ ውለታ» ብለው መረዳታቸው ነው። እኔ አልፈርድባቸውም። በስዊድንኛ ስሞች ሲጣመሩ የመጨረሻው ዋናውን ነገር ይሰይማል፣ የፊተኛው ይገልጸዋል። የእኛ «ቤተ መንግሥት» በተቃራኒው ነው፤ ዋናው «ቤት» ከፊት ይመጣል። ግን ድቡ ውለታውን እንዴት ነው የሚገልጸው? ቃሉ አይናገርም፤ ሰሚው ይገምታል። «ቢዮርንስታርክ» እንደ ድብ ብርቱ፣ «ቢዮርንክራም» አጥንት የሚያስጮህ እቅፍ ከሆነ፣ ተረቱን ያልሰማ ልጅ የድብ ውለታ ትልቅ ነው ቢል ምን ይገርማል?

እዚህ ቢያንስ መጋጠሚያው ግልጽ ነው። ከንብረት ሽያጭ ትርፍ ላይ የሚጣለውን ግብር ግን እይ፤ «ሬያሊሳሁንስቪንስትቤስካትኒንግ»። በላቲን ፊደል 28 ሆሄ ነው። «ሬ-ያ-ሊ-ሳ-ሁንስ» እያልክ በቀለም በቀለም ከቆጠርከው ዘጠኝ ይወጣዋል፣ ትርጉሙ ግን አይገኝም። መቁረጥ ያለብህ ቃላቱ በተገናኙበት ነው፦ ሬያሊሳሁንስ፣ ቪንስት፣ ቤስካትኒንግ። ሸጦ ገንዘብ ማድረግ፣ ትርፍ፣ ግብር መጣል። የመጀመሪያው ክፍል ጫፍ ላይ ያለችው «ስ» ማጣበቂያ ናት፤ የራሷ ትርጉም የላትም። ሁልጊዜ ብትኖር እንዴት ጥሩ ነበር!

«ቢልድሩሌ» ውስጥ ለምሳሌ የለችም። «ቢል» (መኪና) እና «ድሩሌ» (ዝርክርክ) ብለህ ከቆረጥከው አነዳዱ የማያምር ሾፌር ነው። «ቢልድ» (ሥዕል) እና «ሩሌ» (ጥቅል) ካልከው ደግሞ የሥዕል ጥቅል ይሆናል። በጽሑፍ ሁለቱም አንድ ናቸው። ሲነገር የመኪናው «ቢ» ይረዝማል፣ የሥዕሉ ያጥራል። መንገድ ላይ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ቢልድሩሌ!» ብሎ የሚጮህብህ ሰው ግን ስለ ሥዕል እያወራ አይደለም።