«እሱን የመሰለ ውሻ ምን ይነካዋል?»፦ ስለ ግዙፍ ውሾች ደብረ ብርሃን ላይ የሚባለውና እውነታው

ደብረ ብርሃን ላይ ግሬት ዴን የሚባለውን ግዙፍ የውሻ ዝርያ ይዞ መንገድ የወጣ ሰው ሁለት ነገር ሳይባል አይመለስም። አንደኛው «ይሄ ጥጃ ነው ወይስ ውሻ?» ነው። ሁለተኛው «እሱን የመሰለ ምን ይነካዋል!» ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ ስለሆነ ግድ የለም። ብዙ ግዙፍ ውሾችን ያለ ጊዜያቸው የሚቀብራቸው ሁለተኛው ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት አመለካከቶችም አብዛኞቹ ከእሱ የሚወለዱ ናቸው።

«ትልቅ ስለሆነ ዕድሜውም ረጅም ነው»

ዝሆን ከአይጥ በብዙ እጥፍ ይኖራል፤ በውሾች መካከል ግን ነገሩ ይገለበጣል። ትንንሾቹ ዝርያዎች 14 እና 15 ዓመት ሲደርሱ፣ ግሬት ዴን፣ ማስቲፍና ሴንት በርናርድ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ዓመት ነው የሚኖሩት። 6 ዓመት የሞላው ግሬት ዴን ሽማግሌ ነው። ልጆች ያሉት ቤተሰብ ይህንን ቡችላውን ከማምጣቱ በፊት ቢያውቀው ይሻላል፤ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ሳይደርስ ውሻውን ሊቀብር ይችላል።

«ቡችላው አጥንቱ እንዲጠነክር ካልሲየም ይጨመርለት»

ሲወለድ ግማሽ ኪሎ ገደማ የነበረ ቡችላ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ45 ኪሎ ሲያልፍ ያየ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ችግሩ፣ የቡችላ አንጀት ከመጠን በላይ የመጣን ካልሲየም መመለስ አይችልም። ትርፉ አጥንቱን ያበላሸዋል፣ እግሩንም ያጣምመዋል። ቶሎ እንዲፋፋ እያሉ ማጨቅም ያው ነው። የግዙፍ ዝርያ ቡችላ ከሳ ብሎ ቀስ እያለ ቢያድግ ይመረጣል፤ አጥንቱ ጨርሶ የሚጠናው ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ነውና። እስከዚያ ከብስክሌት ኋላ ማስሮጥ አይገባም።

«ጥሬ ሥጋና ሳንባ ካልበላ ውሻ አይሆንም»

እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ፣ ምክንያቱም አገራችን የበግ አገር ነው። በዓል ሲመጣ በየግቢው ይታረዳል። በጉ ተገፎ ሆዱ ሲከፈት ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ዕንቁላል የሚያህል ነጭ ቋጠሮ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ ቢላ ሲነካው ጥርት ያለ ውሃ ፊን ይላል። ያን ጊዜ የሚያርዱት ሰውዬ፣ «ይሄ ለሰው አይሆንም፣ ለቡላ ስጪው» ይሉኛል። ቡላ የእኛ ግሬት ዴን ነው፤ ሳንባውን ሲያይ ምራቁ እስከ መሬት ይወርዳል።

ለሰው የማይሆነው ለውሻም አይሆንም። ያ ቋጠሮ የትል እጭ ማደሪያ ነው። ውሻ በጥሬው ሲበላው እጮቹ አንጀቱ ውስጥ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሚረዝሙ ትሎች ይሆናሉ። ውሻው አይከሳም፣ አያስቀምጠውም፣ ምንም አይታይበትም። ዕንቁላላቸው ግን ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ጸጉሩም ላይ ይጣበቃል። ልጅ አቅፎት ሲጫወት ቆይቶ እጁን ሳይታጠብ ቢበላ፣ በበጉ ሳንባ ላይ የነበረው ቋጠሮ በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ይጀምራል፤ ለዓመታት ሳይታወቅ ያድግና መጨረሻው ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ቋጠሮ ያለበትን ሥጋ መቅበር ወይም ማቃጠል፣ ሌላውን ከግማሽ ሰዓት በላይ ማፍላት። የትል መድኃኒቱን በተመለከተ፣ ለበግ ከተገዛው ክኒን ቆርሶ መስጠት የተለመደ ነው፤ ይህንን ትል ከውሻ የሚያጸዳው ግን ፕራዚኳንቴል የሚባለው ነው። ትሉ ዕንቁላል መጣል ለመጀመር ከ6 እስከ 7 ሳምንት ስለሚበቃው በዓመት አንዴ መስጠት ዋጋ የለውም። መጠኑ በኪሎ ስለሆነም የግዙፍ ውሻ ሒሳብ የሐኪም ሥራ ነው።

ጥሬ ሥጋ ክፉ ያደርገዋል የሚባለው ግን ተረት ነው። ውሻን ክፉ የሚያደርገው ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት መዋል፣ በድንጋይ መመታትና ሰው ሳይለምድ ማደግ ነው።

«የተረፈ ወጥ ይበቃዋል»

ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ ያለ ሽንኩርት የሚሠራ ወጥ ደግሞ የለንም። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። እንጀራ ራሱ ችግር የለበትም፣ ግን ብቻውን ከ60 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሥጋ በል አያኖርም። በሁዳዴ ልኳንዳ ቤት ሲዘጋ እኛ በተቀቀለ ዕንቁላል እንደግፈዋለን፤ ውሻ አይጾምም።

«ሆዱ ቢነፋ ጠግቦ ነው»

ይህኛው በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ደረተ ጥልቅ የሆኑ ውሾች፣ በተለይ ግሬት ዴን፣ ጨጓራቸው በአየር ይነፋና እንደ ጨርቅ ይጠመዘዛል፤ ደም መዘዋወሩም ይቆማል። ምልክቱ አንዴ ከታወቀ አይረሳም፦ ሆዱ ይወጠራል፣ አንድ ቦታ መቀመጥ ያቅተዋል፣ ለማስታወክ ይታገላል ግን ከምራቅ በቀር ምንም አይወጣውም። ኮሶም ሆነ ዘይት ማጠጣት ጊዜ ማባከን ነው፤ ማዳኛው ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ስለዚህ ቅርብ ያለው ክሊኒክ ይህንን መሥራት ይችል እንደሆነ በደህናው ቀን ጠይቁ፣ ስልኩንም ያዙ።

ምግቡን በቀን ለሁለት ወይም ለሦስት መክፈልና በልቶ እንደጨረሰ አለማስሮጥ አደጋውን ይቀንሳል። ሳህኑን ከፍ ማድረግ ይረዳል የሚባል ምክር ነበር፤ በግዙፍ ዝርያዎች ላይ የተደረገ ጥናት ግን አደጋውን ከፍ እንደሚያደርግ አሳይቷል።

«የፈረንጅ ውሻ ስለሆነ ብርዱ ይስማማዋል»

የትኛው? ሴንት በርናርድ የአልፕስ ተራራ ውሻ ነው፣ ጸጉሩም እንደ ዳባ ነው። ግሬት ዴን ግን ጸጉሩ ስስ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በታኅሣሥ ውርጭ ሲሚንቶ ላይ ካደረ ይንቀጠቀጣል፣ ክርኑም ያብጣል። በብርድ ልብስ ፋብሪካ ስሟ በታወቀ ከተማ ለውሻ አንድ ብርድ ልብስ አይጠፋም። የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ሸዋ ሮቢት ለሚኖር ሰው ደግሞ ምክሩ ይገለበጣል፤ እዚያ የሚሠቃየው ጸጉራሙ ነው።

«ልጅ ይበላል» እና «ገር ነው፣ ከልጅ ጋር ተዉት»

ሁለቱም ልክ አይደሉም። አብዛኞቹ ግዙፍ የቤት ውሾች ገሮች ናቸው፤ ግን ሲዞሩ ሕፃን ይጥላሉ። የቡላ ጭራ በረከቦት ቁመት ላይ ነች፤ ደስ ብሎት ሲወዛወዝ ሲኒዎቹን እንዳሉ ጠርጎ ያወርዳቸዋል። ሕፃንና ግዙፍ ውሻ ያለ አዋቂ ብቻቸውን አይተዉም።

«ከግቢ ስለማይወጣ ክትባት አያስፈልገውም»

ያበደ ውሻ አጥር ይዘላል፣ በር ክፍት ሲያገኝም ይገባል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ በሰውም በውሻም ማዳኛ የለውም። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የባህል መድኃኒት ፍለጋ አይዙር።

ለበዓል ውሻቸውን መኪና ላይ ጭነው ወደ መንዝ ለሚሄዱም አንድ ነገር ልበል። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ አለ፤ በአገሪቱ በሙሉ የቀሩት አዋቂዎቹ ከ500 አይበልጡም ይባላል። በባሌ የእብድ ውሻ በሽታ ከሰው ውሾች ተላልፎ በተደጋጋሚ ብዙዎቹን ፈጅቷቸዋል። ያልተከተበ ውሻ ጓሳ አይውጣ፤ የተከተበውም ቢሆን ከማሰሪያው አይፈታ።