«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ»

ሎሚ ደግሞ ምኑ ነው ጌጥ? ጎጃም ጥምቀትን ያከበረ ሰው ይህን አይጠይቅም። ሎሚ በእጅ ይያዛል፣ ይሸተታል፣ ጎረምሳው ለከጀላት ልጅ ይወረውረዋል። አንዷ በእጅ ስትያዝ ታምራለች። ሃምሳው ባንድ ስልቻ ታጭቆ አንድ ትከሻ ላይ ሲወጣ ግን ሌላ ነገር ነው። አባባሉ ከዚሁ ወግ የበቀለ ይመስለኛል። ዛሬም ለአጨዳ ደቦ ሲጠራ፣ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ መዋጮ ሲነሳ ሽማግሌዎች ይመዙታል።

ደብረ ማርቆስ የሚያስተምር ወዳጄ ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል ኬሚስትሪ ላይ ይመዘዋል። ጉዳዩ ቫሌንስ ኤሌክትሮን ነው፤ የአቶሙ የመጨረሻ ሼል (የውጪው ንብርብር) ላይ ያሉት ኤሌክትሮኖች ማለት ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ጊልበርት ሌዊስ በ1916 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ እነዚህን በነጥብ እየሳለ አሳየ። ሶዲየም 1 ነጥብ አለው፣ ክሎሪን 7። ሶዲየም አንዷን ለክሎሪን ይሰጣል፣ ክሎሪን ለመርጋት የሚፈልገውን 8 ይሞላል፣ ጨው ሆነ። ለአንዱ ሸክም የሆነችው ለሌላው ጌጥ ሆነች ማለት ነው። (እርግጥ ሶዲየምም ቢሆን ጉልበት ካልወጣበት አይለቃትም።)

እስከዚህ አባባሉ ያስኬዳል። ውሃ ላይ ሲደረስ ግን ልጆቹን ያሳስታል ባይ ነኝ።

ኦክስጅን 6 ነጥብ አለው፤ 8 ለመሙላት 2 ይጎድለዋል። ሃይድሮጅን 1 አለው፤ እሱ 2 ከሞላ ይበቃዋል። ሁለት ሃይድሮጅኖች ይመጡና እያንዳንዳቸው አንድ ያዋጣሉ፣ ኦክስጅንም ለእያንዳንዳቸው አንድ ያዋጣል። ድምሩ 8 ነጥብ ነው። 4ቱ አቶሞቹን ያስተሳስራሉ፣ የቀሩት 4 ኦክስጅን ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቀመጣሉ። ተማሪ ሥዕሉ ላይ የሚረሳውም እነዚህን ነው። ዓባይ ሙሉው ይኸው ነው እንግዲህ።

ሎሚ ሲከፋፈል የኔ የኔ ነው፣ ያንተም ያንተ። እዚህ ግን የተዋጣው ጥንድ አይከፈልም፤ ሁለቱም ወገኖች ሙሉውን የራሳቸው አድርገው ይቆጥሩታል። እንደ ሎሚ ያካፈለ ልጅ ኦክስጅን ላይ 6 ብቻ ያገኝና «ቲቸር፣ አልሞላም» ይላል። ወዳጄ ያኔ አባባሉን ትቶ በእያንዳንዱ አቶም ዙሪያ ክብ ያስሥላል። ክቦቹ ሲደራረቡ የጋራው ጥንድ ሁለቱም ውስጥ ይገባል። ከዚያ መቁጠር ብቻ ነው።