ሪል «ውሃ ገባበት» ማለት ምን ማለት ነው?

ላንጋኖ ዳር በመንጠቆ ሊያሰግር የወጣ ሰው ዘንጉን ድንጋይ ላይ አስደግፎ ሻይ ሊቀዳ ዞር ይላል። በዚያች ቅጽበት አምባዛ ይመጣና ዘንጉን ከነክር መጠቅለያው፣ ከነሪሉ፣ ይዞት ይገባል። ደግነቱ ዳሩ ጥልቅ አይደለም። ሰውየው ሱሪውን ሰብስቦ ገብቶ ያወጣዋል፣ በሸሚዙ ይጠርገዋል፣ እጀታውን ሁለት ሦስቴ ይሞክረዋል። ይዞራል። «ምንም አልሆነም» ብሎ ማስገሩን ይቀጥላል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሪሉን ከመኪናው ኋላ ሲያወጣው ግን እጀታው አሸዋ እንደገባበት ወፍጮ ይንኮሻኮሻል። ያ ሰውዬ እኔ ነኝ።

ስልክ ወይም ሰዓት «ውሃ ገባበት» ስንል ወዲያው መበላሸቱን መናገራችን ነው። ሪል ግን እንደዚያ አይደለም። ውሃ የገባበት ዕለት ደህና ይሠራል፤ የሚበላሸው ቤት ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ምክንያቱን ለማየት ውስጡን ማወቅ ያስፈልጋል። ሪል ከዘንጉ ጋር ታስሮ ክር የሚጠቀልልና የሚለቅ መሣሪያ ነው። በብዙዎቻችን እጅ ያለው ስፒኒንግ የሚባለው ዓይነት ሲሆን እጀታውን አንዴ ስታዞሩት ውስጥ ያሉት ማርሾች ክር የሚጠቀልለውን ክንፍ አምስት ጊዜ ያህል ያዞሩታል። እዚያች ጠባብ ሣጥን ውስጥ ማርሽ፣ ሞላና ሩዝ ፍሬ በሚያካክሉ ብረቶች የሚዞሩ ኩሽኔታዎች አሉ፤ ሁሉም የሚኖሩት በስስ ግሪስና በጠብታ ዘይት ነው። ከፊት በኩል ደግሞ ድራግ የሚሉት ፍሬን አለ፤ ዓሣው ሲጎትት ክሩ ሳይበጠስ በልክ እየተለቀቀ እንዲሄድ የሚያደርገው እሱ ነው። ውድ የሆኑት ሪሎች ውሃ የሚከላከል ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) አላቸው። የቀሩት ዝናብና ርጭት ይችላሉ እንጂ ለመስጠም አልተሠሩም።

ውሃና ዘይት አይቀላቀሉም ይባላል። ጋራዥ የዋለ ሰው ግን ውሃ የገባበት የሞተር ዘይት ወተት እንደጨመሩበት ቡና ሲሆን አይቷል። የሪል ግሪስም እንዲሁ ነው፤ ማርሹ እየመታው ከውሃው ጋር ይለወሳል፣ ይነጣል፣ ይቀጥናል። ከዚያ በኋላ ውሃውን አቅፎ ብረቱ ላይ ያቆየዋል። ሪሉን ፀሐይ ላይ አስጥታችሁ ከውጭ ደርቆ አጥንት ሲመስል ውስጡ ገና እርጥብ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሩዝ ውስጥ መቅበሩማ ለስልክም አልጠቀመ።

ጉዳቱ እንደየውሃው ይለያያል። የጠራ የሐይቅ ውሃ ቸር ነው፤ ቀን ይሰጣል። የላንጋኖ ቡናማ ውሃና የአባያ ቀላ ያለው ውሃ ግን ቀለማቸውን ያገኙት ከተንሳፈፈ ደለል ነው፤ ውሃው ሲደርቅ ደለሉ ግሪስ ውስጥ ይቀራል፣ ግሪሱም ብረት የሚሞርድ ሊጥ ይሆናል። የእኔን ሪል ያንኮሻኮሸው ይኸው ነው።

ከሁሉም የከፋው ባሕር ነው። የውቅያኖስ ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ቀይ ባሕር ወደ 40 ይጠጋል። ውሃው ቢተን ጨው ይቀራል፤ ያ ጨው ደግሞ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ መልሶ ይረጥባል። ከዚያም አሉሚኒየምና ብረት በተጋጠሙበት ቦታ እንደ ባትሪ ድንጋይ መሥራት ይጀምራል፤ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እያበቀለ ይበላል። ስለዚህ ጂዳ ወይም ዱባይ ዳርቻ የምታሰግሩ ወገኖች ጉዳዩን ለነገ አታሳድሩት። አሜሪካ ያለው የሜሪላንዱ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤም የወንዝና የባሕር ቅልቅል ስለሆነ «ሐይቅ ይመስላል» ብላችሁ አትዘናጉ።

እንግዲህ ሪሉ ወደቀ። መጀመሪያ ማውጣት ነው፤ ጫሞ ላይ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ፣ አዞው ሪል አይመርጥም። ካወጣችሁት በኋላ እጀታውን አታዙሩ። እጅ የሚበላው ማዞር ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን እያንዳንዱ ዙር ደለሉን ወደ ማርሹ ጥርስ ይነዳዋል። የፊቱን ቆብ ፈታችሁ ክሩ የተጠቀለለበትን ማጠንጠኛ አውጡ፣ እጀታውን ንቀሉ፣ ውሃው እንዲንጠባጠብ ዘቅዝቁት። በንጹሕ ውሃ ቀስ አድርጋችሁ አለቅልቁ፤ በጎማ ቱቦ በኃይል አትርጩበት፣ ውጭ ያለውን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይገፋዋልና። ባሕር ውስጥ ወድቆ ከሆነ ውስጡንም በንጹሕ ውሃ ለማጠብ አትፍሩ። አንዴ ረጥቧል፤ ጨዋማ ሆኖ ከሚቆይ በቧንቧ ውሃ ቢረጥብ ይሻላል። ከዚያ ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ይደር። የመኪና ዳሽቦርድ ላይ አታስቀምጡት፤ ሙቀቱ የተረፈውን ግሪስ አቅልጦ ያፈሰዋል።

በማግሥቱ መክፈት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይፈራል፤ የሚያስፈራው ግን ማርሹ ሳይሆን ሞላው ነው፤ ተፈናጥሮ ከጠፋ ሪሉም አበቃለት። እኔ ሰፊ ሳፋ ውስጥ አድርጌ ነው የምፈታው፤ የፈታሁትን ብሎን ሁሉ በቅደም ተከተል በእንቁላል ማስቀመጫ ውስጥ እደረድራለሁ፣ በየደረጃው በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። የነጣውን ግሪስ በጨርቅ ጠርጋችሁ የብረቱን ክፍል በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጽዱ። የፍሬኑን ክብ ንጣፎች ግን ጋዝ አታስነኳቸው። ከሱፍ መሰል ጨርቅ የተሠሩ ከሆነ ጨምቃችሁ አድርቁና የሪል ፍሬን ግሪስ ቀቡ፤ የካርቦን ከሆኑ አድርቆ መመለሱ ይበቃል።

አዲሱ ግሪስ የማርሹን ጥርስ ብቻ በስሱ ይልበስ። ለመኪና ጎማ ኩሽኔታ የሚውለው ወፍራም ግሪስ ሪሉን በቅሎ እንደሚጎትት ጋሪ ያከብደዋል። ለኩሽኔታዎቹ የስፌት መኪና ዘይት አንድ ጠብታ ይበቃል። እጀታው ወደ ኋላ እንዳይዞር የሚይዘው ኩሽኔታ ላይ ግን ግሪስ ፈጽሞ አይደረግም፤ ውስጡ ያሉት ትንንሽ የብረት ዘንጎች ይንሸራተቱና እጀታው ወደ ኋላ መዞር ይጀምራል። ክሩ የሚያልፍባትን ትንሿን መንኮራኩርም አትርሱ፤ ቀድማ የምትዝገው እሷ ናት፣ ከቆመች ደግሞ ክሩን ትሞርዳለች። ክሩ ከቀጫጭን ክሮች የተጎነጎነ ከሆነ ውሃ እንደ ስፖንጅ ስለሚይዝ ከማጠንጠኛው ተፈትቶ ይድረቅ።

ብዙዎች ይህን ሁሉ ትተው ደብሊው ዲ 40 የሚባለውን በቆርቆሮ የሚሸጥ ርጭት ይነፉበታል። ስሙ ራሱ መልሱን ይዟል፦ እ.ኤ.አ. በ1953 ሳን ዲዬጎ ውስጥ ሲሠራ ዓላማው ውሃን ከብረት ላይ ማባረር ነበር፤ ሁለቱ ፊደላት ይህንኑ ሲያመለክቱ 40 ደግሞ የተሳካው አርባኛው ሙከራ በመሆኑ ነው። ውሃ ያባርራል፤ ግን ግሪሱንም አጥቦ ይዞት ይሄዳል፣ ቦታውንም አይተካም። ነፍታችሁ ከተዋችሁት የደረቀ ማርሽ ይዛችሁ ነው የምትወጡት።

ገጥማችሁ ስትጨርሱ ሪሉን ጆሯችሁ ሥር አድርጋችሁ በዝግታ አዙሩት። ለስላሳ ሹክሹክታ ከሆነ ደህና ነው። አንድ ቦታ ላይ ቀጭ ቀጭ ካለ ኩሽኔታ ተበልቷል፤ አውጥታችሁ የውስጥ ቀዳዳውን፣ የውጭ ስፋቱንና ውፍረቱን በሚሊሜትር ለኩና፣ ለምሳሌ 7 በ11 በ3 ከሆነ፣ ያንኑ ልክ ግዙ። የእኔ ሁለት ኩሽኔታ በላኝ። ከዚያ ወዲህ ሻይ የምቀዳው ዘንጉን በእግሬ ረግጬ ነው።