የልጅነት ብግነት ምንድን ነው? ከአእምሮ ጤናስ ምን ያገናኘዋል?

ትኩሳት የያዘውን ልጅ ልብ ብላችሁ አይታችኋል? ትናንት ቤቱን በኳስ ሲያናውጥ የዋለው ልጅ ዛሬ ጥግ ይዞ ተጠቅልሏል። የሚወደውን ምግብ ስታቀርቡለት ፊቱን ያዞራል። ጓደኛው ሲጠራው መልስ የለም። መብራቱ ይረብሸዋል፣ ትንሹ ነገር ያስለቅሰዋል። የሚወደው ካርቱን ሲጀምር ዓይኑን ገለጥ አድርጎ ያያል፣ መልሶ ይጨፍናል።

አሁን ልጁን ተዉትና ምልክቶቹን ብቻ ቁጠሩ። ምግብ መጥላት፣ ድካም፣ ከሰው መሸሽ፣ እንቅልፍ መዛባት፣ ደስ ይል የነበረ ነገር ደስ አለማለት። ሐኪሞች ድባቴን ለመለየት የሚጠይቋቸው ነገሮች ከእነዚህ ብዙም አይርቁም። የልጁ ግን ትኩሳቱ ሲወርድ አብሮት ይሄዳል።

ተመራማሪዎች ይህን «የሕመም ጠባይ» ይሉታል። እንስሳትም ላይ አለ፤ የታመመ ውሻ ከሰው ርቆ የሚተኛው ለዚሁ ነው። ልጁን ያስተኛው በአብዛኛው ጀርሙ ሳይሆን የገዛ ሰውነቱ ነው። «አርፈህ ተኛ፣ ጉልበትህን ለውጊያው ቆጥብ» ብሎ ለአንጎሉ መልእክት ልኳል። መልእክቱን የሚልከው ደግሞ ብግነት ነው።

ብግነት ወይም ኢንፍላሜሽን ሰውነት ለጉዳትና ለበሽታ የሚሰጠው ምላሽ ነው። ቃሉን እወደዋለሁ። በገነ ማለት በንዴት ተቃጠለ ማለት ነው፤ «አበገነኝ» እንል የለ? ስለ ቁስልም ስናወራ «ተቆጣ» እንላለን። ወድቆ ጉልበቱ የተላጠ ልጅ በማግስቱ ቁስሉን ብታዩት ዙሪያው ቀልቷል፣ አብጧል፣ ይሞቃል፣ ሲነኩት ያማል። እነዚህን አራት ምልክቶች ሮማዊው የሕክምና ጸሐፊ ሴልሰስ ከ2 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት መዝግቧቸዋል። ቁጣው ለበጎ ነው። ደም ሥሮች ሰፍተው ነጭ የደም ሴሎች ወደ ቦታው ይጎርፋሉ፣ ጀርሙን ይገድላሉ፣ የሞተውን ያጸዳሉ። ከዚያ ይበርዳል። መብረድ አለበት።

የማይበርድ ጊዜም አለ። ቁጣው አንድ ቦታ ላይ ሳይወሰን መላ ሰውነት ውስጥ በዝግታ ይቀጥላል። ትኩሳት የለ፣ እብጠት የለ። ልጁ ይሮጣል፣ ይበላል፣ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ደሙ ሲመረመር ግን የቁጣው መልእክተኞች ከወትሮው ትንሽ ከፍ ብለው ይገኛሉ። ከአእምሮ ጤና ጋር በተያያዘ «የልጅነት ብግነት» ሲባል በአብዛኛው ይህ ድምፅ የሌለው ዓይነት ነው።

የሚለካው በዋናነት በሁለት ነገሮች ነው። አንዱ ኢንተርሊውኪን 6 የሚባል የመከላከያ ሴሎች መልእክተኛ ነው። ሌላው ሲአርፒ ነው፤ በመልእክተኛው ትእዛዝ ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን። ሲአርፒን እ.ኤ.አ. በ1930 ኒውዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ተቋም ቲሌትና ፍራንሲስ የተባሉ ተመራማሪዎች በሳንባ ምች ከተያዙ ሰዎች ደም ውስጥ አገኙት። በጤነኛ ሰው ብዙውን ጊዜ በሊትር ከ3 ሚሊግራም በታች ነው። ከባድ ኢንፌክሽን ሲገባ 100 ሊያልፍ ይችላል።

ታዲያ በ9 ዓመት ልጅ ደም ውስጥ ያለ ነገር ከዓመታት በኋላ ከሚመጣ ድባቴ ጋር እንደሚገናኝ በምን ታወቀ? ለዚህ ልጆችን ለዓመታት መከተል ያስፈልጋል። በእንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማና አካባቢዋ ይህን የሚያደርግ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992 ነፍሰ ጡር የነበሩ ከ14 ሺህ በላይ እናቶችን መዝግቦ ልጆቻቸውን እስከ ጉልምስና ተከትሏል። ልጆቹ 9 ዓመት ሲሞላቸው ደም ተወሰደ። 18 ሲሞላቸው ስለ ስሜታቸው ተጠየቁ።

ተመራማሪው ጎላም ካንዳከርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለቱን አገናኝተው አወጡት። በ9 ዓመታቸው ኢንተርሊውኪን 6 ከፍ ካለባቸው አንድ ሦስተኛ ልጆች መካከል በ18 ዓመታቸው ድባቴ የታየባቸው፣ ዝቅ ካለባቸው አንድ ሦስተኛ ጋር ሲነጻጸሩ በዛ ብለው ተገኙ። ዕድላቸው አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ነበር። የሌለ ድምፅ እንደ መስማት ያሉ ገጠመኞችም እንዲሁ በዝተው ታዩ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ሌላ ቡድን የእነዚሁኑ ልጆች ሲአርፒ በ9፣ በ15 እና በ17 ዓመታቸው ተከታትሎ አየ። በ9 ዓመታቸው ከፍ ብሎ የነበረባቸው ጥቂት ልጆች በ24 ዓመታቸው ለሳይኮሲስ፣ ማለትም ከእውነታ ለሚያርቅ የአእምሮ ሕመም፣ እና ለከባድ ድባቴ ይበልጥ የተጋለጡ ሆኑ። ሰውነታቸው የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽም ደክሞ ተገኘ። እኔን ይበልጥ ያስቆመኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ድባቴና የስኳር በሽታ አንድ ሰው ላይ ተደራርበው የሚታዩት ከአንድ ሥር ስለበቀሉ ይሆን ያሰኛል።

ብግነቱ አንጎል ጋ የሚደርስበት መንገድ ብዙ ነው። መልእክተኞቹ በደም ይደርሳሉ፣ ቬገስ በሚባለው ረጅም ነርቭም ወሬው ያልፋል። አንጎል የራሱ ዘበኞች አሉት፤ ማይክሮግሊያ ይባላሉ። ልጅ ሲያድግ እነዚህ ሴሎች ሌላም ሥራ አላቸው። በአንጎል ሴሎች መካከል ከተዘረጉት ግንኙነቶች የማያስፈልጉትን ይነቅላሉ። ሥራው አረም እንደ መንቀል ነው፤ ረጋ ያለ እጅ ይፈልጋል። ዘበኛው ሲበግን ግን እንክርዳዱን ነቅላለሁ ብሎ ስንዴውንም አብሮ ሊነቅል ይችላል። የልጅነት ጊዜ የተለየ የሚያሳስበው እርሻው ገና ያልጠና በመሆኑ ነው። ሌላም አለ፤ ስሜትን ከሚያስተካክሉት ኬሚካሎች አንዱ የሆነው ሴሮቶኒን የሚሠራበትን፣ ከምግብ የሚገኘውን ትሪፕቶፋን የተባለ ንጥረ ነገር ብግነት ወደ ሌላ መንገድ ይመራዋል።

«አብሮ መታየት መንስኤ መሆን ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ልክ ነው። ድህነት፣ ውፍረት፣ የቤተሰብ ጭንቀት ሁለቱንም ሊያመጡ ይችላሉ። ጥናቶቹ እንዲህ ያሉ ነገሮችን በስሌት ለመለየት ይሞክራሉ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይችሉም። ያም ሆኖ ከሌላ አቅጣጫ የመጣ ከባድ ማስረጃ አለ። ቀድሞ የጉበት በሽታ የሆነው ሄፓታይተስ ሲ ኢንተርፌሮን አልፋ በሚባል መድኃኒት ይታከም ነበር። መድኃኒቱ የሰውነትን መከላከያ የሚቆሰቁስ ነው። ከወሰዱት ሰዎች ከአራት አንዱ ያህል፣ በአንዳንድ ጥናት ከዚያም በላይ፣ ሕክምናው ላይ ሳሉ ድባቴ ያዛቸው።

መንገዱ ወደ ኋላም ይሄዳል፤ የልጅነት መከራም ከብግነት ጋር ይያያዛል። በኒውዚላንድ ደኒደን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1972 እና 1973 የተወለዱ 1,037 ልጆችን የተከተለ ጥናት አለ። በልጅነታቸው ግፍ የተፈጸመባቸው፣ የተደበደቡ፣ የተገፉ ልጆች 32 ዓመት ሞልቷቸው ደማቸው ሲታይ የብግነት ምልክቱ ከፍ ብሎ ተገኘ። ዱላው ካረፈ ከ20 ዓመት በላይ አልፎ ማለት ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። «ልጅ እኮ ነው፣ ይረሳዋል» ስንል ከርመናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፤ ይህን የምታነብ እናት ሌሊቱን እንድትጨነቅ አልፈልግም። ብግነት ከፍ ካለባቸው ልጆች አብዛኞቹ የአእምሮ ሕመም አይዛቸውም። ድባቴ ከያዛቸው ሰዎችም ሲአርፒያቸው ከ3 ሚሊግራም በላይ የሚሆነው ከአራት አንዱ ገደማ ናቸው። ጉንፋን የያዘው ልጅ ሲአርፒው ይወጣል፣ ሲሻለው በቀናት ውስጥ ይወርዳል፤ ከዚያ ተነስቶ ስለ ወደፊቱ የሚናገር ላብራቶሪ የለም። ድባቴን ለመከላከል ብላችሁም ለልጅ የብግነት መድኃኒት አትስጡ። በአዋቂዎች ላይ እንኳን ነገሩ ቀላል አልሆነም። ድባቴያቸው በመድኃኒት አልሻል ላላቸው 60 ሰዎች ኢንፍሊክሲማብ የሚባል ጠንካራ የብግነት ማብረጃ ተሞክሮ፣ በጥቅሉ ለማነጻጸር ከሚሰጠው ባዶ መድኃኒት የተሻለ ለውጥ አላመጣም። የተጠቀሙ የሚመስሉት ቀድሞውኑ ሲአርፒያቸው ከፍ ብሎ የነበሩት ናቸው።

ወላጅ ማድረግ የሚችለው ለሌላውም ጤና የሚጠቅመውን ነው። ክትባቱን ማስጨረስ። የማይለቅ አስም፣ የሚመላለስ የጆሮ ሕመም፣ የተበላ ጥርስ «ሲያድግ ይተወዋል» ተብሎ እንዳይከርም ማድረግ። ቤት ውስጥ ሲጋራ አለማጨስ። በቂ እንቅልፍ። የማይፈራበት ቤት። ረጅም ሕመም ያለበት ልጅ ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ስለ ሳንባው ወይም ስለ መገጣጠሚያው ብቻ ሳይሆን «ስሜቱስ እንዴት ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ደግሞ እንዴት ጥሩ ነበር።

ያ በትኩሳት የተኛው ልጅ ብዙውን ጊዜ በሦስተኛው ቀን ተነስቶ ኳሱን ይፈልጋል። ትኩሳቱ ወርዶ፣ ሁለት ሳምንት አልፎ አሁንም ኳሱን ያልጠየቀ፣ ጓደኞቹን የሸሸ፣ በልቶ ያልጠገበ ወይም ጨርሶ ያልበላ ልጅ ካለ ግን «ተሞላቅቆ ነው» አትበሉት። አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ምን እንደሚሰማው ጠይቁት፤ ከዚያ ሐኪም ዘንድ ውሰዱትና የነገራችሁን እንዳለ ንገሩ።